ሠላሳ አንደኛው ስላይድ

ሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዶክተር ሥርጉት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ካለው ቤተ ሙከራዋ ስትደርስ ረዳቷ ዲንቄ የደም ምርመራ ውጤት የሚሞላበትን ቅጽ ይዛ ቆማ ነበር።

የሥርጉትን የወባ ክትባት የወሰዱ ሰዎች ደም በመስታወት ስላይድ ላይ ተቀብቶ በሁለት አንባቢዎች በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ አንዱ የሌላውን ውጤት አያይም። ሥርጉት የሠላሳውንም ሰው ስላይድ «ንጹሕ»፣ ማለትም ወባ የለበትም፣ ብላ ፈርማለች። ሁለተኛው አንባቢ አካሉ «ክትባትሽ ውሃ ነው» እያለ አሥር ዓመት ሲያንጓጥጣት ኖሮ፣ ሠላሳውን ስላይድ ሳያነብ በጥቅምት ሞተ። የካ ሚካኤል ሲቀበር እንኳ ዝር አላለችም።

«ሁለተኛው ንባብ ተሞልቷል፤ ሠላሳውም ወባ አለበት ይላል» አለች ዲንቄ። «ዶክተር፣ የጋሽ አካሉ የእጅ ጽሑፍ ነው።»

«የሞተ ሰው ብዕር ይይዛል? የሚያላግጥብኝን እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ!»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ የራሷን ጣት ወግታ ሠላሳ አንደኛ ስላይድ ሠራች። ለማንም ሳትናገር ከቅጹና ከሌሎቹ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ አደረች።

በማግስቱ ራሷ ከፈተችው። በቅጹ ግርጌ በዚያው የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሯል፦

«31፦ ንጹሕ። ያላጭበረበርሽበት ይህ ብቻ ነው፤ የራስሽ ደም ነው።»

የክትባቱ ጥናት በጥር ወር ተዘጋ።