አንድ ቦታ ለሦስት መምህራን

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እጁን ባርኔጣው ውስጥ ሲከት እፀገነት ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሰጠው የቤተ ሙከራ ሥልጠና የመጣላቸው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የሳይንስ መምህራኑ ደግሞ ሦስት። እንደ አገሩ ልማድ ዘበኛው ፊቱን አዙሮ ሳለ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዕጣ ጨመሩ፤ እሷ የጠመኔ ስባሪ፣ ጋሽ ትዕዛዙ የገብስ ፍሬ፣ ሌላው መምህር የሸሚዝ ቁልፍ። ዘበኛው ገብሷን አወጣ።

«ለከርሞ ጡረታ ልወጣ!» ብለው ጋሽ ትዕዛዙ ሳቁ። «ማይክሮስኮፑን ለበጎቼ ላሳያቸው ነው? አንቺ ሂጂ፣ ልጄ።»

«የወጣ ዕጣማ አይቀየርም» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ነገ ሌላው ቅር ይለዋል።»

እፀገነት መደርደሪያው ላይ ሳይከፈት የተቀመጠውን የማይክሮስኮፕ ካርቶን አየች። ራሷ አይታው የማታውቀውን ሴል ለተማሪዎቿ በጠመኔ ስትስል ዓመታት አልፈዋል። «እውነት ነው፣ ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱ። እኔም አብሬ እመጣለሁ፤ ቆሜም ቢሆን አያለሁ።»

«ስምሽ ሳይላክ? ከበር ይመልሱሻል እኮ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«እነሱ ይመልሱኝ። እኔ ግን ከዚህ ራሴን አልመልስም» አለችና የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ከሞላሌ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጋሽ ትዕዛዙን ጠየቀቻቸው።