የቀሚሱ ጫፍ

ሱሀይላ ለኒካህ ተሞሽራ ወደ እንግዶቹ ብቅ ስትል፣ የሐረርን ሙሽሮች ሲያለብስ የኖረው ልብስ ሰፊው አባቷ ዐብዱኑር መጀመሪያ ያየው የቀሚሷን ጫፍ ነበር። አንዲት ስፌት ላልታለች። መርፌውን ከኮሌታው ነቅሎ እግሯ ስር ተንበረከከ።

«ማሻአላህ! በልጁ ሰርግ እንኳ መርፌ ከእጁ አይለይም!» አሉ እንግዶቹ። ደስ አለው። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲሉት ኖረዋል። ሌላ የላላ ስፌት ፈለገ።

«አባ፣ ይበቃል። እኔን እዩኝ» አለችው ሱሀይላ።

«ቆይ ልጄ፣ ይቺን ብቻ።»

ቀሚሴ ይጨማደዳል ሳትል ፊት ለፊቱ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው። የተኳለው ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል። መርፌው ከጣቱ መቼ እንደወደቀ አላወቀም።

«ልጄ» አላት፣ «መቼ ነው እንዲህ ያደግሽብኝ?»