የመልካ ቡዜ ዘር

አቶ ሙሉብርሃን ልጃቸውን አያንቱን ለመልካ ቡዜ ዘር ካልሆነ ለማንም አልድርም ብለዋል። መልካ ቡዜ የት ነው? የለማ! አዋሽ ሞልቶ ጠራርጎ ከወሰደው ስንት ዘመኑ። ሰዉ አዳማ ገባ፣ ሞጆ ገባ፤ ከተማው የቀረው በሳቸው አፍ ላይ ብቻ ነው።

«እሱም ከተማ ተብሎ! አንድ ወፍጮ፣ ሁለት ጠጅ ቤት፣ የቀረው ትንኝ» ይላል ቶሌራ። ቶሌራ ሞጆ ውስጥ ጭነትና መኪና የሚያገናኝ ደላላ ነው። የወንድሙ ልጅ ገመቹ ደግሞ አያንቱን ካላገባሁ ብሎ እህል ውሃ አልቀምስ ብሏል።

«አጎቴ፣ እኛ እኮ የመቂ ሰዎች ነን» አለው ገመቹ።

«ዝም በል! ውሃ የበላውን አገር ማን ሄዶ ያጣራል?»

ቶሌራ ከዚያው ከተማ የተረፉትን እማማ አሰለፈችን አፈላልጎ አገኛቸው። ገበያው መቼ፣ መሻገሪያው የት እንደነበር ጠየቃቸው። በመጨረሻም፣ «ከሁሉ የተከበረው ሰው ማን ነበር?» አላቸው።

«ሆራ ነዋ፣ ባለ ወፍጮው» አሉት። ሌላም ሊነግሩት ሲሉ እሱ ተነሥቶ ወጥቷል። የፈለገውን አግኝቷላ! ለሰው መኪና የሚያገኝ ደላላ ቅድመ አያት ማግኘት ምን ያቅተዋል?

በቀጠሮው ቀን ሁለት ሰዎች አስከትሎ አዳማ፣ አቶ ሙሉብርሃን ቤት ለሽምግልና ሄደ። ገመቹ ደጅ ቀረ።

አቶ ሙሉብርሃን በጥርጣሬ አዩአቸው። «ገበያው መቼ ነበር የሚቆመው?»

«ሐሙስ።»

«መሻገሪያውስ?»

«ከትልቁ ሾላ ሥር።»

ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይሄንንማ ማንም ሸምድዶ ይመጣል። በሉ ዘር ቁጠሩ።»

እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የማይቀር ወግ ነው። ቶሌራ በልቡ «አይ ሞኝ ሽማግሌ!» እያለ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ገመቹ ዱጋሳ። ዱጋሳ ጋዲሳ። ጋዲሳ ሆራ። የባለ ወፍጮው የሆራ!»

አቶ ሙሉብርሃን ብድግ አሉ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ቶሌራ ሳቁን ዋጠ። አንድ ስም ጠርቶ ሙሽራ ማግኘት እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?

«ልጁ የታለ? አስገቡት!»

ገመቹ እየሮጠ ገባ። አቶ ሙሉብርሃን አንገቱን አቅፈው ጉንጩን እያገላበጡ ሳሙት፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣሩ።

«አያንቱ! የእናቴ አባት የሆራ ዘር ተገኘ! ነይ ልጄ፣ ወንድምሽን ሳሚ!»