የማድ ቤቱ መቀርቀሪያ

መኪና ሁሉ ራሱን በራሱ መንዳት ጀምሮ ሰው የመኪና መሪ እንዳይነካ ከተከለከለ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አያቴ የወባ መድኃኒት ጭኖ ቆላውን ያካለለባትን፣ እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ በእጄ ያደስኳትን ላንድሮቨር ግን «ቅርስ ናት» ብለው ተዉልኝ፤ እንዳትነሳ ተደርጋ እንድትቆም።

ዛሬ ወጣቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማስነሻ ሞተሪኖዋን ፈታና ከረጢት ውስጥ ከተተው።

«እትዬ የሺመቤት፣ መኪና ካሻዎት እኮ በሁለት ደቂቃ ደጅዎ ትቆማለች» አለኝ።

«የናንተዋ አስፋልት ሲያልቅ ትቆማለች!» ጮህኩበት። «እህቴን ምጥ ሲይዛት መንገዱ አልተመዘገበም ብላ ቁልቁለቱን አልወርድም አለች። ሕፃኑ ቃሬዛ ላይ ቀረ። አሁን ደግሞ እዚያው ቁልቁለቱ ሥር ያለችው ትልቋ ልጇ ወሯ ገብቷል። እሷንም ሰው ይሸከማት?»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

እጁን ሊታጠብ ወደ ማድ ቤት ሄደ። የበሩን መቀርቀሪያ፣ ያን ቆልማማ ብረት፣ ራሱ አነሳው፤ ሲወጣም በጨዋ ደንብ መልሶ ቀረቀረው።

እንደሄደ ብረቱን መዝዤ አወጣሁት። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ፣ የድሮ ሞተር በእጅ የሚነሳበትን ማኒቬላ ከየት ይወቅ! ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ሰክቼ በሙሉ ንዴቴ አዞርኩት። በሦስተኛው አጓራች።

ማድ ቤቱ ክፍቱን ይደር፤ እኔ የእህቴን ልጅ ላመጣ ሄጃለሁ።