ሰማንያ ሦስት ነጥብ

ሐኪሙ የታመመ ጉልበት አውጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል። ማን ከቀዶ ጥገናው እንደሚጠቀም፣ ማን በከንቱ እንደሚቆረጥ አስቀድሞ የሚለይበት ቅጽም አለው። ጥያቄዎቹ ሃያ ናቸው፤ አሥራ ስምንቱን የሚመልሰው በሽተኛው ራሱ ነው። ከስድሳ ነጥብ በላይ ያገኘ ይሠራለታል። ከዚያ በታች ያገኘ ማስታገሻውን ይዞ ወደ ቤቱ። ቅጹ እስካሁን አሳፍሮት አያውቅም፤ እሱም ይህን ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም።

ባለፈው ወር የሆስፒታሉ ዘበኛ አርባ አንድ አገኘ። ቅር አለው። ዱላውን ተደግፎ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ወዳለችው በርጩማው ተመለሰ።

የሐኪሙ እናት ሰማንያ ሦስት አገኙ። ራጁም መገጣጠሚያቸው መበላቱን ያሳያል፤ በርግጥ በእሳቸው ዕድሜ የማን አይበላ። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ልጃቸው ተረኛ በሚሆንበት ቀን፣ በምርኩዝ እያዘገሙ ይመጣሉ። ሲያያቸው ያሳዝኑታል። ቤታቸው ከሄደ ዓመት ማለፉም ይቆጨዋል። ምን ያድርግ፣ ሥራ ወጥሮት ነው።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ የደም ግፊታቸው እንደሚያሰጋት፣ ከአልጋው ላይነሱ እንደሚችሉም ነግራዋለች። ሐኪሙ እንቅልፍ አጣ። ሰማንያ ሦስት ግን ሰማንያ ሦስት ነው።

«ሌላ ሐኪም ይሥራሽ እማዬ» አላቸው ዛሬ። «የገዛ እናት ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል።»

«ካንተ ሌላ ማንም አይነካኝም። ስንት ቀን ነው የምተኛው?»

«አሥር ቀን ያህል።»

«ጠዋት ጠዋት እየመጣህ ታየኛለህ?»

«ማታም እመጣለሁ።»

«እንግዲያው ቁረጠው!» ብለው ሳቁ።

ጀግና እናት አለችኝ ሲል ኮራ። ለሐሙስ ቀጠራቸው።

እናትየው እያነከሱ ሲወጡ፣ ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቅ የነበረው ዘበኛ ገባ። ሁለት ፎቅ በዚያ ጉልበት ወጥቶ ላብ በላብ ሆኗል።

«ዶክተር፣ እናትዎን አይሥሯቸው።»

«ለምን?»

«አይጠቅማቸውም።»

«አንተ በምን አወቅክ?»

«በር ላይ አይደል የምውለው።»

የሐኪሙ ደም ፈላ። አርባ አንዷ ነጥብ እስካሁን አልወጣችለትም ማለት ነው። እሱ ስለ እናቱ በጭንቅ ተይዞ፣ ይሄ ደግሞ ያሟርታል!

«ዘበኛ በር ይጠብቃል እንጂ ጉልበት አይጠብቅም። ቂምህን በእናቴ አትወጣ!»

ዘበኛው አልተቆጣም። እግሩን እየጎተተ ወደ መስኮቱ ሄደና፣ ሐኪሙ ከፍቶት የማያውቀውን መጋረጃ ሰበሰበው።

«ቂምስ የለኝም፤ እኔም እናት ነበረችኝ። እስቲ ይምጡ፤ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው።»

ሐኪሙ እልህ ይዞት ተነሳ። ታች ፌርማታው ላይ አውቶቡሱ ሞልቶ፣ በሩን እየዘጋ መንቀሳቀስ ጀምሯል።

እናቱ ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ሮጠው ደረሱበት።