የካባው መሐል

«ቅደደው እንጂ አባዬ!» አለች ኢሪያ፣ ጥቁሩን የተማሪ ካባዋን ለአባቷ እያቀበለችው። በፖርቱጋሏ ኮይምብራ ከተማ፣ በአሮጌው ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ተመራቂዎች ሁሉ እንደ ልማዳቸው ካባቸውን ያስቀድዱ ነበር፤ ግራው ለቤተሰብ፣ ቀኙ ለጓደኛ፣ መሐሉ ለፍቅረኛ።

አባት ከወይን ማሳው ይዟቸው የመጣቸውን ሁለት ጠርሙሶች ደረጃው ላይ አስቀመጠ። «አንዱ ያንቺ ነው፣ አንዱ የሩበን። የታለ ይሄ ልጅ? እናትሽ እንደሆነች የሠርጋችሁን ቀን ሳትጠይቅ እንዳትመጣ ብላኛለች።»

«ይመጣል» አለች ዓይኗን ከግቢው በታች ወደሚታየው ወንዝ መልሳ።

«ይሄን የመሰለ ሱፍ እንዴት ይቀደዳል!» እያለ ጠርዙን ለመፈለግ ካባውን ሲገለብጥ፣ እጁ መሐሉ ላይ ቆመ። ረጅም ቅድ ነበረበት፤ ግን በቀይ ክር ተሰፍቷል። ፍቅር ሲያልቅ የመሐሉ ቅድ እንደሚሰፋ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ የራሷ የእጅ ሥራ።

የግራውን ጠርዝ በጥርሱ ነክሶ ጀመረና በሁለት እጁ ሽቅብ ተረተረው።

«ኧረ በቃ አባዬ! ለሁለት ከፈልከው እኮ!» አለች፤ ስትስቅ እንባዋ ቀደማት።

ከዚያ የሩበንን ጠርሙስ አነሳና ቡሹን ነቀለው።

«እናትሽ ሰምታለች?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው ጠጪ» አላት ጠርሙሱን እያስጨበጣት። «ይዤው ከተመለስኩ ትጠይቀኛለች።»