በጋዜጣ የተጠቀለለው ሞተሪኖ

ጎረቤታችን ክፍሉ በየጠዋቱ ባለቤቴን ቦሰናን በመኪናው ሥራ ያደርሳታል።

«መካኒክ ሆነህ፣ ያንተ መኪና እስክትነሳ ቀኑ ይመሻል!» ትለኛለች እየሳቀች። ቅናቴን አልነገርኳትም።

ቁልፍ ሲዞር ባትሪው ሞተሪኖውን ያዞራል፤ ሞተሪኖው ሞተሩን ያስነሳል። የክፍሉ መኪና አውቶማቲክ ናት፣ በግፊት አትነሳም። እሑድ እሱ በእግሩ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሳለ ሞተሪኖዋን ፈታሁ፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ሥር አስቀመጥኩ።

ሰኞ ጠዋት «ዛሬ እንኳ በባስ ሂጂ» አልኳት።

«ምን ሆነሃል? ክፍሉ እኮ ታች እየጠበቀኝ ነው» ብላ ወረደች።

በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋት። ከፊት፣ ከጎኑ ተቀመጠች። ክፍሉ ወደ ቁልፉ ጎንበስ አለ።

ጠረጴዛው ሥር ጋዜጣው ተቀደደ። ሞተሪኖው፣ አንድም ሽቦ ሳይነካው፣ ይሽከረከር ጀመር።

ታች ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መኪናዋ ተነሳች።